በጅግጅጋና በአካባቢዋ ከተሞች አዲስ መጪ ተማሪን የክፍል ጓደኞቹ እንዴት ያግዙታል?

በሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች፣ በተለይም በጅግጅጋና በዙሪያዋ ባለው ፋፈን ዞን፣ ከስደተኛ ወይም ከተፈናቃይ ቤተሰብ የመጣ ልጅ ከነባር ተማሪ ጋር አንድ ዴስክ ላይ መቀመጡ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 የዚያድ ባሬ ጦር ሐርጌሳን በአውሮፕላን ጭምር ሲደበድብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ወደዚህ አካባቢ ገቡ። ያኔ የተቋቋመው የሀርቲሼክ ጣቢያ በዘመኑ ከዓለም ትልቁ የስደተኞች መጠለያ ይባል ነበር፤ የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በ1991 የተከፈተው ቀብሪበያህ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ከከተማው ጋር ተጋጥሟል። በደቡብና በመካከለኛው ሶማሊያ የቀጠለው ጦርነት ደግሞ በ2007 አውበሬን፣ በ2008 ሸደርን አስከፈተ። ከድንበር ማዶ ያልመጡም አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን በተነሳው ግጭት ከቤታቸው የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በባቢሌና በጅግጅጋ መካከል ባለው ቆሎጂ ተጠልለዋል።

የሕጉ ጉዳይ አጭር ነው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ስደተኛ ልጅ በቅድመ መደበኛና በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንደ ኢትዮጵያዊ ልጅ እኩል እንዲስተናገድ ይደነግጋል። ሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ያለው አገሪቱ ባላት አቅም ልክ ይፈጸማል። የአገር ውስጥ ተፈናቃይ ደግሞ ዜጋ ስለሆነ መብቱ ያው የዜጋ መብት ነው። ስለዚህ ልጁ ይመዘገባል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከተመዘገበ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ ሳምንታት ነው፤ ምክንያቱም ትምህርት የሚያቋርጡት ልጆች ብዙዎቹ የሚጠፉት በእነዚያ ሳምንታት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ፦ «ልጆቹ ሁሉም ሶማሊኛ ይናገራሉ፣ ሁሉም ሙስሊም ናቸው፤ ታዲያ መላመዱ ምኑ ላይ ነው የሚከብደው?» ጥያቄው ከየዋህነት የመጣ ነው፤ ግን ብዙ ነገር ይሸፍናል።

ከደቡብ ሶማሊያ፣ ከባይ ወይም ከበኮል የመጣ ልጅ የቤቱ ቋንቋ ማይ ሊሆን ይችላል። ማይ ከመማሪያ መጽሐፉ ሶማሊኛ በጣም ስለሚርቅ ልጁ መምህሩ ካለው ግማሹን ብቻ ይዞ ይወጣል። ከሞቃዲሾ የመጣው ደግሞ በዐረብኛ በሚያስተምር የግል ትምህርት ቤት ተምሮ ሊሆን ይችላል። ሒሳቡን አሳምሮ ያውቃል፤ የጻፋቸው ቁጥሮች ግን በዐረብኛ አኃዝ ስለሆኑ ደብተሩን የሚያርመው መምህር ላያነባቸው ይችላል።

ከቆሎጂ የሚመጣው ልጅ ሁኔታ ከሁሉም ይለያል። ሶማሌ ሆኖ በኦሮሚያ ክልል ስለተማረ የለመደው የኦሮምኛውን ቁቤ ነው። ቁቤም የሶማሊኛ ጽሑፍም የላቲን ፊደል ይጠቀማሉ፤ ግን ሁሉም ፊደላት አንድ ዓይነት ድምፅ የላቸውም። «ኤክስ» የምንላት ፊደል በቁቤ «ጥ» ስትሆን በሶማሊኛ የዐረብኛው «ሓ» ናት። «ሲ» ደግሞ በቁቤ «ጭ»፣ በሶማሊኛ የዐረብኛው «ዐይን» ናት። ይህ ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ልጁ ጮክ ብለህ አንብብ ሲባል የጓደኛውን ስም «መሐመድ»ን «ማጠመድ»፣ «ዓሊ»ን «ጫሊ» ብሎ ያነባል፤ ክፍሉም ይስቃል። በቀድሞ ትምህርት ቤቱ ጎበዝ አንባቢ የነበረ ልጅ በአንድ ጠዋት «ማንበብ የማይችል» ይባላል። ጉዳዩ ግን የሁለት ፊደላት ነው። አጠገቡ የተቀመጠ ልጅ በአንድ የእረፍት ሰዓት ሊያስረዳው ይችላል።

ከዚያ አማርኛ አለ። በክልሉ ትምህርት ቤቶች አማርኛ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይሰጣል። ስድስተኛ ክፍል የሚገባ አዲስ መጪ ጓደኞቹ ለዓመታት የቆጠሩትን ፊደል ገና ከ«ሀ» መጀመር አለበት። ሶማሊኛ «ዘ»፣ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ጸ» እና «ፐ» የሚባሉ ድምፆች የሉትም፤ ስለዚህ «ዛሬ» «ሳሬ»፣ «ፖሊስ» «ቦሊስ» ሆኖ ይወጣል። በጅግጅጋ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ሙስሊም ቤተሰቦች ልጆች እዚህ ላይ ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ። ልውውጡም በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። የአማርኛ ተናጋሪው ልጅ በመድረሳ «ሓ»ን ከ«ሀ»፣ «ዐይን»ን ከ«አሊፍ» መለየት እንደሚያስቸግረው ኡስታዞች ሁሉ ያውቃሉ። ለሶማሊው ልጅ እነዚህ የእናቱ ቋንቋ ድምፆች ናቸው። አንዱ ፊደል ያስቆጥራል፤ ሌላው መኽረጅ ያርማል። ማንም የበታች ሆኖ ስለማይቀመጥ እንዲህ ዓይነቱን ጥምረት እንወደዋለን።

ትንሽ የሚመስል ሌላ ጉዳይ የዘመን አቆጣጠር ነው። ከሶማሊያ የመጣ ልጅ ተወለድኩ የሚለው በፈረንጆቹ ዓመት ነው፤ መዝገቡ ደግሞ በኢትዮጵያ ይጻፋል። 2012 ብሎ የተናገረው ሳይቀየር ቢመዘገብ ልጁ በወረቀት ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት አንሶ ይቀመጣል፤ ስህተቱም ለፈተና ምዝገባ ሲደርስ ይወጣል። «ሁለት ሰዓት ግባ» ሲባል ቀትር አልፎ የሚመጣም አለ። ፈረቃ ባለበት ትምህርት ቤት ይህ ልጅ የጠዋቱ ክፍል ከወጣ በኋላ ይደርስና እንደ ቀሪ ይቆጠራል።

ዋናው አደጋ ግን የክፍል ምደባ ነው። መሸኛ ወይም ሰርተፍኬት የሌለው የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ክፍል ከትንንሾች ጋር ይገባል። ዴስኩ አይበቃውም፣ ያፍራል፣ በወሩ ገበያ ውስጥ ጋሪ ሲገፋ ይገኛል። ሴት ልጅ ከሆነች በቤት ሥራ ወይም በትዳር ትቀራለች። የተፋጠነ ትምህርት በሚሰጥበት ቦታ የጠፉት ዓመታት ሊካካሱ ይችላሉ፤ በሌለበት ደግሞ ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ የምደባ ፈተና እንዲሰጠው መጠየቅ ይገባል። በዐረብኛ ወይም በኦሮምኛ የተማረ ልጅ በሶማሊኛ ብቻ ቢፈተን የሚለካው ዕውቀቱ ሳይሆን ቋንቋው ነው። ቋንቋውን የሚችል ከፍ ያለ ክፍል ተማሪ ከመምህሩ ጎን ሆኖ የሒሳቡን ጥያቄ ቢያነብለት ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችላል።

አጋዡን መምረጥ ላይ ብዙ ጊዜ የምናየው ልማድ አለ፦ ስም ጠሪው መምህር አንደኛ የሚወጣውን ተማሪ ይጠራና «ይህን ልጅ እርዳው» ይላል። እኛ በመምህርነት በቆየንባቸው ዓመታት እንዳስተዋልነው የተሻለው አጋዥ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በፊት እሱ ራሱ አዲስ የነበረ ልጅ ነው። ውጤቱ መካከለኛ ቢሆንም የትኛው ቃል እንደሚያደናቅፍ፣ የትኛው መምህር ዘግይቶ የገባን እንደሚቆጣ፣ ውኃ የት እንደሚገኝ ያውቃል። ከእሱ ጋር አንድ የአካባቢው ልጅ ይጨመር። አለበለዚያ አዲስ መጪዎች እርስ በርስ ብቻ ተቀምጠው በግቢው ውስጥ ሌላ ካምፕ ይሠራሉ። ለሴት ልጅ አጋዦቿ ሴቶች ይሁኑ፤ በተለይ ከመጠለያ እስከ ትምህርት ቤት ያለው መንገድ ረጅም ከሆነ አብረው መሄዳቸው ከማስጠናቱ በላይ ይጠቅማታል።

የጊዜው ነገር ልከኛ ይሁን፤ በቀን ሃያ ደቂቃ፣ ለአንድ ወር ያህል። የድሮው «አንድ ለአምስት» አደረጃጀት ስሙ ለብዙዎች ደስ ባይልም ቡድኑ ካለ እሱን መጠቀም ይቻላል፤ ብቻ ሪፖርት መሙያ አይሁን። ሚኒ ሚዲያውም በሳምንት አንድ ቀን የአዲሱን ልጅ ቋንቋ ወይም አነጋገር ቢያሰማ መሳለቁ ይቀንሳል።

ከትምህርት ቤቱ በፊት ልጆቹ የሚገናኙበት ሌላ ቦታ እንዳለም መዘንጋት የለበትም፤ ዱግሲው ወይም መድረሳው። የዐረብኛን አናባቢዎች በሶማሊኛ ስም የሚያስቆጥረው «አሊፍ ላ ኮርደበይ፣ አሊፍ ላ ሆስደበይ፣ አሊፍ ላ ጎደይ» የሚለው ዘዴ መቃብራቸው በሐርጌሳ አቅራቢያ ለሚገኘው ለሸይኽ ዩሱፍ አል-ከውነይን (አው በርኸድሌ) የሚሰጥ ሲሆን ከሞቃዲሾ እስከ ጅግጅጋ ልጆች የሚያነበንቡት ነው። አዲሱ ልጅ በትምህርት ቤት ምንም ባያውቅ እዚህ ሎሁን ይዞ እኩል ይቀመጣል፤ አንዳንዴም ከሁሉም ይቀድማል። ስለዚህ መዓሊሙ ማን ከማን ጋር እንደሚግባባ ከስም ጠሪው መምህር ቀድሞ ያውቃል። ሁለቱ ቢነጋገሩ የአጋዥ ምርጫው ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

ልጆች ላይ መጫን የሌለበትም አለ። በእንግሊዝ ሃምፕሻየር «ወጣት አስተርጓሚዎች» የሚባል የትምህርት ቤቶች አሠራር አለ፤ ተማሪዎች ሠልጥነው አዲስ መጪዎችን ይቀበላሉ፣ ግቢውን ያስጎበኛሉ፣ ጨዋታ ያስገባሉ። ከእንግሊዝኛ ሌላ ቋንቋ የማይችሉ ልጆችም ይሳተፉበታል። የባለሙያ አስተርጓሚን ቦታ ግን አይተኩም። እኛም ጋ ልጅን ለቤተሰብ ጉዳይ፣ ለሕመም፣ ለቅጣት ወይም በመንገድ ላይ ስለደረሰ ነገር ማስተርጎም ልክ አይደለም፤ ያን አዋቂ ይሥራው። አጋዡም ሁለት ጥያቄዎችን እንዳያነሳ ቀድሞ ይነገረው፦ «አባትህ የት አለ?» እና «ጎሳህ ምንድን ነው?»። የመጀመሪያው መልስ የሌለው ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው በዚህ አካባቢ ልጁ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ በመጀመሪያው ቀን ይወስናል።

የነባር ተማሪ ወላጆች «ልጄ ከትምህርቱ ይዘናጋል» ብለው ሲሰጉ እንሰማለን። ጊዜው ካልተገደበ ስጋታቸው እውነት አለው፤ በተለይ የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ተፈታኞችን በሁለተኛው መንፈቅ ለዚህ ሥራ ባይመርጧቸው ይሻላል። የአምስተኛና የሰባተኛ ክፍል ልጆች ይበቃሉ። ምዝገባው ሲጀመር ወላጅ ወይም ጎረቤት ሦስት ነገሮችን በወረቀት ጽፎ ለስም ጠሪው ቢሰጥ ልጁ ለመጀመሪያው ቀን ተዘጋጅቶ ይገባል፤ በየትኛው ቋንቋ እንደተማረ፣ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ፣ የተወለደበት ዓመት በየትኛው አቆጣጠር እንደተነገረ። በዓመቱ አጋማሽ ለሚመጣ ልጅ ይህ ወረቀት የበለጠ ያስፈልጋል፤ በየካቲት ወር መዝገብ ቤት ገብቶ ፋይል የሚያገላብጥለት ሰው አያገኝምና።