ከቼሻየር ጭስ ማውጫ ሥር

በአሜሪካ ከኮሎምበስ ከተማ ጭነት ይዤ ወደ ኦሃዮ ወንዝ በወረድሁ ቁጥር የጋቪን ኤሌክትሪክ ማመንጫ ጭስ ማውጫ ገና ከሩቅ ይታየኛል። ቁመቱ 253 ሜትር ነው። አንድ ቀን አብረውኝ የሚጓዙ አዛውንት ሹፌር ቀና ብለው አዩትና «ልጄ፣ ይሄን ሁሉ ምን አስረዘመው?» አሉኝ። መልሱን አንብቤ ያገኘሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ማመንጫው ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። የ1970ው የአሜሪካ ንጹህ አየር ሕግ በየአካባቢው ሰው የሚተነፍሰው አየር ከተወሰነ መጠን በላይ እንዳይበከል ያዝ ነበር። ብዙ የከሰል ማመንጫዎች ጭሳቸውን ከመቀነስ ይልቅ፣ ከአካባቢው ርቆ እንዲበተን ማውጫውን አስረዘሙት። ድኝ ከበዛበት ከሰል የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድም በነፋስ ወደ ምሥራቅ ተጉዞ በኒው ዮርክ የአዲሮንዳክ ተራሮች ላይ የአሲድ ዝናብ ሆኖ ወረደ። በብዙ ሐይቆች ዓሣ አለቀ።

መፍትሔው የመጣው ከቆየ ሐሳብ ነው፤ የካናዳው ምሁር ጆን ዴልስ የብክለት መብት ገበያ ሊወጣ ይችላል ብለው የጻፉት በ1968 ነበር። ሐሳባቸው ትልቅ ሕግ ለመሆን ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀበት። ብዙ የተፈጥሮ ተሟጋቾች «ይህማ ለባለ ገንዘብ የማቆሸሽ ፈቃድ መስጠት ነው» ብለው ተቃወሙ፤ እኔም በዚያ ዘመን ብኖር ከእነርሱ ጋር እቆም ነበር። ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች. ደብልዩ. ቡሽ ሐሳቡን በያዘው ሕግ ላይ ኖቬምበር 15 ቀን 1990 ፈረሙ። መንግሥት ለሚለቀቀው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በአገር ደረጃ ጣሪያ አበጀ፤ ለየማመንጫው ፈቃድ ተሰጠ፤ አንዱ ፈቃድ አንድ ቶን ማለት ነው። ከድርሻው በታች የለቀቀ ትርፉን ይሸጣል፣ ያለ ፈቃድ የለቀቀ መጀመሪያ ላይ በቶን 2,000 ዶላር ይቀጣ ነበር፤ ያለፈበት ቶን ደግሞ ከቀጣዩ ዓመት ድርሻው ይቀነሳል። በ1992 አንድ የዊስኮንሲን ድርጅት ለቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን 10,000 ፈቃድ ሸጠ። በዓመቱ ሺካጎ ውስጥ እህል በሚሻሻጥበት ገበያ ጨረታ ወጣ።

እናቴ ደሴ ገበያ እህል ስትሸጥ ገዢው ከእህሉ በፊት ቁናውን ይፈትሽ ነበር። የዚህም ገበያ ቁና በጭስ ማውጫው ላይ የተገጠመው፣ ሌሊትና ቀን የሚለካው መሣሪያ ነው። ስለ ዋጋና ስለ ጨረታ ብዙ ተጽፏል፤ ነገሩን ያቆመው ግን ቁናውና ጣሪያው ነው እላለሁ። የባቡር ማጓጓዣ ዋጋ መርከሱም ረድቷል፤ ከዋዮሚንግ ድኙ ያነሰ ከሰል በርካሽ ይመጣ ጀመር። በ1980 ማመንጫዎች 17 ሚሊዮን ቶን ያህል ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይለቁ ነበር፤ በ2010 ወደ 5 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ወጪውም መጀመሪያ ከተፈራው እጅግ ያነሰ ሆነ።

ጋቪን በ1995 አካባቢ ጭሱን በኖራ የሚያጥብ ትልቅ መሣሪያ ተከለ፤ የሚለቀው ሰልፈር ዳይኦክሳይድም በእጅጉ ቀነሰ። በ2001 ሌላውን በካይ፣ ናይትሮጅን ኦክሳይድን፣ የሚቀንስ መሣሪያ ሲጨመር ግን ያልታሰበ ነገር መጣ። ከድኙ ጋር ተደራርቦ የሰልፈሪክ አሲድ ጤዛ ፈጠረ፤ በዚያ በጋ ዓይን የሚያቃጥል ሰማያዊ ጉም በማመንጫው ጥግ ባለችው ቼሻየር መንደር ላይ ተኛ። ነዋሪዎቿ ከ200 ብዙም አይበልጡም ነበር። በ2002 ባለቤቱ ድርጅት መንደሩን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ፤ ሻጮቹም ወደፊት በጤናም ሆነ በንብረት ጉዳት ላይከሱ ፈረሙ። ጥቂት አረጋውያን አንወጣም ብለው ቀሩ፤ አብዛኞቹ ቤቶች ፈረሱ።

የአዲሮንዳክ ሐይቆች ማገገም ጀምረዋል፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ልክደውም አልፈልግም። ጣሪያው ግን የአገሩን ድምር ይቆጥራል እንጂ ጉሙ በማን ደጅ እንደሚያርፍ አይቆጥርም። ዛሬ በአገራችንም ስለ ካርቦን ሽያጭ ይወራል። ውሉ ሲቀርብላችሁ ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፤ ቁናው በማን እጅ ነው? ከጭስ ማውጫው ሥርስ የሚኖረው ማን ነው?