አገር የሌላቸው ልጆች ለአገር የሰጡት ዜማ

ሰው ከአገሩ በግድ ሲወጣ ርስቱን በጫንቃው ተሸክሞ አይሄድም። ቤቱ ይቀራል፤ እርሻው ይቀራል፤ የአባቶቹ መቃብርም ይቀራል። ከእርሱ ጋራ የሚወጡት ቋንቋው፥ ዜማውና ትዝታው ብቻ ናቸው። እነዚህንም ቢሆን ለብቻው ይዞ ሲቆዝምባቸው ቢኖር ባይተዋርነቱን ያጸኑበታል እንጂ አያርቁለትም። እንግዲህ የስደተኛ ዜማ ለስደተኛው አገር የሚሆነው መቼ ነው? ለዚህ ጥያቄ በአዲስ አበባ «አርባ ልጆች» እየተባሉ የተጠሩት የአርመን እጓለ ማውታ ታሪክ መልስ ይሰጣል።

የአርመን ሕዝብ በአራተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ የተቀበለ፥ ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ጋራ በእምነት አንድ የሆነ ሕዝብ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ ከ1907 ዓ.ም. ጀምሮ፥ የኦቶማን መንግሥት ይህን ሕዝብ ከጥንት ርስቱ ነቅሎ ወደ ሶርያ ምድረ በዳ አጋዘው። በሰይፍ፥ በራብና በውሃ ጥም ያለቀው ከአንድ ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

በዚያ ዘመን የሕዝቡ የዜማ ሊቅ ካህኑ ኮሚታስ ነበር። እርሱም ራሱ በልጅነቱ እናትና አባቱ የሞቱበት፥ ቱርክኛ ብቻ እየተናገረ ያደገ ልጅ ነው። ድምፁ መልካም ስለ ሆነ በ12 ዓመቱ ገደማ ወደ ኤችሚያጺን ተወሰደና ትርጓሜውን በማያውቀው በአርመንኛ ቃል በካቶሊኮሱ ፊት ዘመረ። የአባቶቹን ቋንቋ ያገኘው ከዜማው በኋላ ነው። ባደገም ጊዜ በየመንደሩ እየዞረ የገበሬውን የእርሻ ዘፈን፥ የሰርጉንና የለቅሶውን ዜማ ሰምቶ በምልክት ጻፈ። ንባቡ የተረሳውን የጥንቱን የቤተ ክርስቲያን የዜማ ምልክትም ለመመርመር ብዙ ደከመ። ሚያዝያ 16 ቀን 1907 ዓ.ም. በቍስጥንጥንያ ከተያዙት የአርመን ሊቃውንት አንዱ እርሱ ነበር። ከግዞት በሕይወት ቢመለስም ያየው መከራ አእምሮውን አናወጠው፤ ዳግመኛም ሥራውን ሳይቀጥል በ1928 ዓ.ም. በፓሪስ ሞተ። ሰብሳቢው ዝም አለ፤ የሰበሰበው ግን አልጠፋም።

ከዚያ እልቂት ከተረፉት የሙት ልጆች ከፊሉ በኢየሩሳሌም በአርመኖች በቅዱስ ያዕቆብ ገዳም ተጠግተው ይኖሩ ነበር። በዚያም የናስ ሙዚቃ መሣሪያ መንፋት ተምረው ነበር። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም በኢየሩሳሌም አለፉ። ልጆቹም በሙዚቃ ተቀበሏቸው። ራስ ተፈሪ ታሪካቸውን በሰሙ ጊዜ ልባቸው ራራ፤ ፓትርያርኩንም አስፈቅደው 40ውን ወደ ኢትዮጵያ እንዲመጡ አደረጉ። ልጆቹም በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ገቡ። መምህራቸው ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ይባል ነበር፤ እርሱም የአይንታብ ተወላጅ ሲሆን አገሩን ያጣ ሰው ነበር።

በኢትዮጵያ መለከትና እምቢልታ ከጥንት የነበሩ ናቸው። የናስ ሙዚቃ መሣሪያም ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩስያ ንጉሥ በስጦታ መጥቶ ነበር። ነገር ግን በኖታ እየተመራ በሥርዓት የሚጫወት የቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ ጓድ በደንብ የቆመው በእነዚህ ልጆች ነው።

ሙሴ ኬቮርክ ለአልጋ ወራሹ ክብር «ማርሽ ተፈሪ» የተባለውን ዜማ ደረሰ። ቃሉን የሰጠው ዮፍታሔ ንጉሤ ነው፤ እርሱም በጎጃም በደብረ ኤልያስ ያደገ፥ በቅኔ ቤት የሠለጠነ ባለቅኔ ነበር። ዜማው ከአይንታብ ስደተኛ፥ ቃሉ ከጎጃም ቅኔ ቤት ተገናኝተው አንድ ሆኑ። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ቀን ተሰማ፤ ከዚያም ወዲህ እስከ 1967 ዓ.ም. ድረስ የአገሪቱ መዝሙር ሆኖ ኖረ።

ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ነገር በሰምና በወርቅ ቢፈታው አይሳሳትም። የመዝሙሩ ሰም የኢትዮጵያ ደስታ ነው፤ ሲሰሙት አገር በአምላኳና በንጉሧ ኃይል እንድትደሰት ይነግራል። ወርቁ ግን ከበታች ነው፤ በመለከቱ ውስጥ ያለፈው እስትንፋስ የሚደሰትበት አገር ያልነበረው የሙት ልጅ እስትንፋስ ነበር። ያ ልጅ የሌላውን አገር ደስታ ሲነፋ የራሱን ኀዘን አልካደም፤ አሳደረው እንጂ።

እዚህ ላይ፥ በባቢሎን ወንዝ ዳር መሰንቆአቸውን ሰቅለው ያለቀሱት የጽዮን ምርኮኞች ለማራኪዎቻቸው ለመዘመር እንቢ ማለታቸው የተመሰገነ ነውና፥ አርባው ልጆች በባዕድ ምድር ስለ ምን ዘመሩ? የሚል ይኖር ይሆናል። ለማራኪ መዘመርና ለአሳዳጊ መዘመር ግን አንድ አይደለም። ማራኪ ዜማውን የሚጠይቀው ለመዘበት ነው፤ አሳዳጊ የሚጠይቀው ግን አብሮ ለመዘመር ነው። አርባው ልጆች የዘመሩት ቤተኛ ሊያደርጋቸው ለወደደ ሕዝብ ነበር።

የታሪክም መንኰራኵር ብዙ ሳይቆይ ዞረ። የፋሺስት ኢጣልያ ጦር አገር በያዘ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተው የሄዱት ወደዚያችው ወደ ኢየሩሳሌም ነበር። ከ12 ዓመት በፊት የሙት ልጆችን ስደት አይተው ያዘኑባትን ከተማ አሁን ስደተኛ ሆነው አዩአት። የመዝሙሩን ቃል የደረሰው ዮፍታሔም በሱዳን በስደት ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ አገር የሌላቸው ልጆች የነፉት ዜማ፥ አገሩን ለተቀማው ኢትዮጵያዊ የአገሩ ማስታወሻ ሆነ። ሰጪውና ተቀባዩ በአንድ ኀዘን ተካከሉ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ መናገሻ ከተማቸው ሲመለሱም መዝሙሩ ካሣውን አገኘ።

ከአርባው ልጆች ከፊሉ ወደ ሌላ አገር ሄደ፤ ከፊሉ በኢትዮጵያ ኖሮ በኢትዮጵያ ተቀበረ። በአዲስ አበባ የነበሩት አርመኖች በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ቤተ ክርስቲያን ሠርተው በቋንቋቸው ቀደሱ፤ ትምህርት ቤትም አቆሙ። የሙሴ ኬቮርክ የወንድሙ ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን ደግሞ በአጐቱ ጥሪ መጥቶ ለብዙ ዓመት ሙዚቀኞችን አስተማረ፤ በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም የኢትዮጵያን ዜማ ለብዙ መሣሪያ እያስማማ ሠራ። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ግን መዝሙሩ ተለወጠ፤ ንብረታቸው የተወረሰባቸው ብዙ አርመኖችም እንደ ገና ስደት ወጡ። ዛሬ በአዲስ አበባ የቀሩት ጥቂት ቤተ ሰቦች ናቸው። ስለዚህ የአርባው ልጆች ታሪክ ፍጻሜው ሁሉ ደስታ ነው ማለት አይገባም፤ ቤተኛ መሆን አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ለዘላለም የሚኖር ነገር አይደለምና።

ቢሆንም አንድ ነገር ጸንቶ ይኖራል። ኮሚታስ የወገኑን ዜማ በመሰብሰብ ወገኑን ከመረሳት አዳነ፤ አርባው ልጆች ደግሞ የያዙትን ለሌላው በመስጠት በሌላው ትዝታ ውስጥ ስፍራ አገኙ። ባይተዋር ከባይተዋርነቱ የሚወጣው በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች ነው፤ የአባቱን ዜማ ባለመርሳት፥ የተቀበለውንም ሕዝብ ዜማ አብሮ በማቆም። እንግዳን የሚቀበል ሕዝብም ዕዳ አለበት፤ እንጀራ መስጠት ብቻ አይበቃውም፥ ከእንግዳው የተቀበለውንም ስጦታ በስሙ ሊያስበው ይገባል። ያን መዝሙር በልጅነቱ ተሰልፎ የዘመረ ሽማግሌ ዛሬ ዜማውን ሲያስታውስ፥ ከዜማው ጋራ የኢየሩሳሌምን የሙት ልጆች ቢያስባቸው ዕዳውን ከፈለ ይባላል።