የጨው መንገድ፣ የአንገት ታሪክ

ባቲ ገበያዋ ሰኞ ነው። በልጅነቴ እሑድ ሌሊት ከአፋር በረሃ የሚወጣው ግመል መድረስ ይጀምራል፤ ሲነጋ ገበያው በአፋርኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ይንጫጫል። አፋሩ ጨው፣ ፍየልና ቅቤ ይዞ ይመጣል፤ ደገኛው እህሉን ጭኖ ይወርዳል። እናቴ ከመሀል ጆንያ አንጥፋ ጨው ትቸረችር ነበር። አሞሌውን በመጥረቢያ ጀርባ ትሰብረዋለች፤ ለከብቱ የሚፈልግ ቁራጩን፣ ለወጥ የሚፈልግ የተወቀጠውን በስኒ ይወስዳል። እሷም፣ አክስቴም፣ አጠገባቸው በርበሬ የምትሸጠው ጎረቤታችንም እንቅርት ነበራቸው። ዕድሜዋን ሙሉ ጨው ስትሸጥ የኖረች ሴት ጨው ሊከላከለው የሚችል በሽታ አንገቷ ላይ ይዛ መኖሯ ግራ የገባኝ ካደግሁ በኋላ፣ ያውም ራሴ ከታመምሁ በኋላ ነው። ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና መልሱን የፈለግሁት በማውቀው መንገድ ነው፤ ጨዉ ከየት እንደመጣ በመጠየቅ።

ዛሬ የምኖረው ከሚሴ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ። በምዕራብ የደጋው አፋፍ ይታያል፤ በስተምሥራቅ ምድሩ ወደ አፋር እያዘቀዘቀ ይሄዳል፤ በመሀል ቦርከና ወንዝ የጨፋን ረግረግ እያጠጣ ወደ አዋሽ ይወርዳል። የኦሮሚያ ዞን ወረዳዎች፣ ባቲ፣ ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋና ደዌ ሐረዋ፣ የተደረደሩት በዚሁ በደጋና በበረሃ መጋጠሚያ ላይ ነው። ጨው የሚወጣው፣ እህል የሚወርደውም በዚሁ ነው።

የጨዉ ንግድ እጅግ ጥንታዊ ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአክሱምን አገር ያየው ግሪካዊ ነጋዴ ኮስማስ፣ ከአክሱም ወደ ሳሱ አገር የሚሄዱ ነጋዴዎች ከብት፣ ብረትና ጨው ወስደው በወርቅ እንደሚለውጡ ጽፏል። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግልና ከተቆረጠበት ቦታ በራቀ ቁጥር ዋጋው ሲንር ተመልክቷል። በዳሎል ሜዳ በመጥረቢያ እየተጠረበ፣ በግመልና በአህያ እየተጫነ የወጣው አሞሌ ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ መገበያያ ነበር። ጨዉ ወደ ወሎ ከሚገባባቸው በሮች አንዷ ባቲ ናት።

ያ ሁሉ የተከበረ ጨው ግን ለአንገት አይጠቅምም ነበር። እንቅርትን የሚከላከለው አዮዲን ነው፤ ከመሬት ተጠርቦ በሚወጣ ጨው ውስጥ ያለው አዮዲን ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ከባሕር ውሃ የሚደርቀውም ቢሆን ያው ነው። ሰው አዮዲን የሚያገኘው ከዓሣና ከሌላ የባሕር ምግብ፣ እንዲሁም አዮዲን ባልተለየው አፈር ላይ ከበቀለ እህልና ይህንኑ ከበላ ከብት ወተት ነው። የደጋችንን አፈር ግን ዝናብና ጎርፍ ለብዙ ሺህ ዓመታት አጥበውታል፤ አዮዲኑም ከአፈሩ ጋር ወርዷል። ጎመንና ካሳቫን የመሳሰሉ ምግቦች ደግሞ ሲበዙ የተገኘችውን ጥቂት አዮዲን ሰውነት በአግባቡ እንዳይጠቀምባት ያደርጋሉ።

አንድ አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 150 ማይክሮግራም፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ 250 ማይክሮግራም አዮዲን ነው። ይህችን ያጣ የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞኑን መሥራት ያቅተዋል። ያን ጊዜ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ቲ ኤስ ኤች የተባለውን ሆርሞን እየላከች "ሥራ፣ ሥራ" ትለዋለች። ዕጢው ከታዘዘው ለማድረስ ሲል ያብጣል። እናቴ አንገት ላይ ያየሁት እብጠት ይህ ነበር።

ሕዝቡ ለእንቅርት የራሱ ዘዴ ነበረው። ሴቶች አንገታቸውን ዙሪያውን ይነቀሱ ነበር፤ ለጌጥ ነው፣ ግን ደግሞ እንቅርትን ይከላከላል፣ የወጣውንም ያቆመዋል ይባል ነበር። አክስቴ ንቅሳቷ ከእብጠቱ ጋር እየተለጠጠ መስመሩ ሰፍቶ ነበር። የተተኮሱም ነበሩ። ወደ ሸሁ ሄደው ዱዓ የሚያስደርጉም ብዙ ነበሩ። አብዛኛው ሰው ግን እንደ በሽታ አይቆጥረውም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል ጆሮ ደግፉ ነው አዲሱ መከራ፤ እንቅርቱ ድሮውንም ያለ ነገር ነው። እንዲያ የተለመደ ስለነበረ ከእብጠቱ የከፋው ጉዳት ከእጥረቱ ጋር ሳይያያዝ ኖሯል። እናት በእርግዝናዋ ወቅት አዮዲን በጣም ካነሳት የጽንሱ አንጎል ይጎዳል፤ ልጁ መስማትና መናገር ተስኖት፣ አእምሮው ዘግይቶ ሊያድግ ይችላል። በየመንደሩ "አላህ እንዲህ ፈጠረው" እየተባሉ ጓሮ የዋሉት ልጆች ከመካከላቸው ስንቱ በጨው ይድን እንደነበር ማን ይቆጥራል?

ይህ ችግር የኛ ብቻ አልነበረም። የስዊዘርላንድ ተራሮችም በእንቅርት የታወቁ ነበሩ። በርን ከተማ የነበረው ቀዶ ሐኪም ቴዎዶር ኮኸር እንቅርትን በማውጣት ስሙ ገነነ፤ ነገር ግን በ1883 እ.ኤ.አ. አንድ አሳሳቢ ነገር ይፋ አደረገ። ዕጢያቸው ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ሕመምተኞች እየቀዘቀዙ፣ ፊታቸው እያበጠ፣ አሳባቸውም እየዘገየ ሄዶ ነበር። ዕጢው ያለ ሥራ አንገት ላይ የተቀመጠ አለመሆኑ የታወቀው በዚህ ዓይነት ነው። ኮኸር በ1909 ኖቤል ተሸለመ። በ1891 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ መሬይ ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ ለአንዲት በሽተኛ ሴት ወጋ፤ ሴትየዋ ተሽሏት ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖረች። በ1914 ኤድዋርድ ኬንዳል ሆርሞኑን ለይቶ አወጣው፤ በ1927 ደግሞ ሃሪንግተንና ባርገር በቤተ ሙከራ ሠሩት። ዛሬ የምውጠው ሌቮታይሮክሲን የዚያ ልጅ ነው። ስዊዘርላንድ በ1922፣ የአሜሪካዋ ሚሺጋን በ1924 ጨው ላይ አዮዲን መጨመር ሲጀምሩ እንቅርት ከየትምህርት ቤቱ እየጠፋ ሄደ።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ጣልያን ከኮምቦልቻ በባቲና በሚሌ በኩል እስከ አሰብ የሠራው መንገድ የጨዉን ነገር ለወጠው። የጭነት መኪናው ግመሉን ቀስ በቀስ ወደ ዳር ገፋው፤ ከአሰብ የባሕር ጨው በጆንያ እየተጫነ ይመጣ ጀመር። እናቴ አሞሌዋን ለከብት ጠባቂዎች እያስቀረች የአሰቡን ጨው ለወጥ መሸጥ የጀመረችው በዚያ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በኢትዮጵያ ኑትሪሽን ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከተመረመሩት ተማሪዎች 30 ከመቶ ያህሉ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ከኤርትራ ወደቦች የሚመጣውን ጨው በአዮዲን ማበልጸግ ተጀመረ። ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲፈነዳ ያ መንገድ ተዘጋ። አሰብ ቀረች፤ አዮዲኑም አብሮ ቀረ።

አገር ግን ያለ ጨው አያድርም። ፊቱን ወደ አፋር አዞረ፤ ከባሕር ጠለል በታች ካለው የአፍዴራ ሐይቅ ጨዋማውን ውሃ በሞተር እየሳቡ በገንዳ ማድረቅ ተስፋፋ። የተገኘው ነጭና ብዙ፣ ነገር ግን አዮዲን የሌለው ጨው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ሌላ ጥናት ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው የአገሪቱ ልጆች 40 ከመቶ ያህሉ እንቅርት እንዳለባቸው ታየ። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 204 ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት አዘዘ። አገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የደንቡን ውጤት በግልጽ ያሳያል፤ በዚያው ዓመት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው በ15 ከመቶ ቤተሰብ ዘንድ ብቻ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. 89 ከመቶ ደረሰ። ከሚሴ ሱቅ ውስጥ በላስቲክ የታሸገው ጨው ከጆንያው ጎን መሰለፍ የጀመረው በዚህ መሀል ነው።

ለእኔ ግን ዘግይቶ ነበር። እንቅርቴ ከልጅነቴ ጀምሮ እያደገ መጥቶ መዋጥ ሲያስቸግረኝ በቀዶ ጥገና ወጣልኝ። አንገቴ ቀለለ፤ ሰውም "እንኳን ማረሽ" አለኝ። ከጊዜ በኋላ ብርድ ጀመረኝ። ከሚሴ ቆላ ናት፤ በግንቦት ሰው ጥላ ፍለጋ ሲሯሯጥ እኔ ጋቢ ደርቤ እቀመጥ ነበር። ድምፄ ጎረነነ፤ ቆዳዬ ደረቀ፤ ሆዴ ደረቀ፤ የተማሪዎቼ ስም ከአፌ ይጠፋ ጀመር። ያለ ወትሮዬ ወንበር ፈልጌ እያስተማርሁ፣ ሳልበላ ወፈርሁ። ጎረቤት አንዱ ዕድሜ ነው፣ አንዱ ዐይን ነው፣ አንዱ ጂኒ ነው አለ። እኔም ዕድሜ ነው ከሚሉት ወገን ነበርሁ። በመጨረሻ ደሴ ሄጄ ደሜ ሲመረመር ቲ ኤስ ኤች እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ፒቱታሪዬ መልስ የማይሰጣትን ዕጢ ሌት ተቀን ትጣራ ነበር ማለት ነው። ወጣቱ ሐኪም "እናቴ፣ ይህ የኮኸር በሽተኞች ታሪክ ነው" አላለኝም፤ እኔ ነኝ ቤት ገብቼ ሳነብ ያገኘሁት። እሱ ያለኝ አጭር ነበር፦ "ዕጢው ስለወጣ ሆርሞኑን በኪኒን እንተካለን፤ ዕድሜ ልክ ነው፤ ሲሻልሽ እንዳታቆሚ።"

ዕድሜ ልክ የሚለው ቃል ከበደኝ። የኛ ሰው መድኃኒት የሚወስደው እስኪድን ነው። በዚያ ላይ ትንሿ ኪኒን ሥርዓቷ ብዙ ነው። በባዶ ሆድ በውሃ ትዋጣለች፤ ከዚያ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ድረስ ምንም አይበላም፣ ከውሃ በቀር ምንም አይጠጣም። ቡና ከሆድ ወደ ደም መግባቷን ይቀንሳል፤ የደም ማነስ ኪኒንና ካልሲየም ደግሞ በ4 ሰዓት መራቅ አለባቸው። በእኛ ዘንድ ቡና ከነጋ ወዲያ የሚጠበቅ ነገር አይደለም፤ ያውም በጨው ነው የሚጠጣው። እንግዲህ ጀበናው ሲንተከተክ ኪኒኔን ውጬ ሰዓት እየቆጠርሁ እቀመጣለሁ። በረመዳን ከሐኪሙ ጋር ተማክሬ ከኢፍጣር በኋላ እራቴ ከሆዴ ሲወርድ፣ ወደ መኝታ ስል እወስዳታለሁ፤ ከሱሁር ግማሽ ሰዓት ቀድመው ተነሥተው የሚውጡም አሉ። በ50 ማይክሮግራም ጀመርሁ፤ መድኃኒቱ በደም ውስጥ የሚደላደለው ቀስ ብሎ ስለሆነ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ምርመራው ይደገማል፤ መጠኑም በውጤቱ ይስተካከላል። ጋቢዬን ያወለቅሁት መጠኑ ከተስተካከለ በኋላ ነው። በመጀመሪያ የተመለሰልኝ ግን የተማሪዎቼ ስም ነበር።

በዚህ ጊዜ የመንደራችን ሴቶች "አዮዲን ያለው ጨው አብዢ፣ ኪኒኑ ምን ያደርግልሻል?" ይሉኝ ነበር። ጨው ዕጢው እንዳይራብ ነው፤ የወጣን ዕጢ አይተካም፤ ሲበዛም የደም ግፊት ያመጣል። የሰውነት መከላከያ ራሱ ዕጢውን የሚያጠቃበት በሽታም አለ፤ ሃካሩ ሃሺሞቶ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም በ1912 እ.ኤ.አ. የገለጸው ነው። ያ ያለባትንም ሴት ጨው ማብዛት አያድናትም። ጨው የሚሠራው በልጆቻችንና ገና ባልተወለዱት ላይ ነው፤ እኛን የያዘን ኪኒኑ ነው።

በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ከሚሴ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋ፤ መድኃኒት ቤቶች ባዶ ሆኑ። ኪኒኔ አለቀ። የሌቮታይሮክሲን አቅም ከደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንሰው በሳምንት ገደማ ስለሆነ ሰው ወዲያው አይወድቅም፤ ቀስ እያለ ነው የሚያጣው። ብርዱ ሲመለስ ግን ታሪክ አስተማሪነቴ አልተወኝም። በ1990 ዓ.ም. የአሰብ መንገድ ሲዘጋ አዮዲን ያጡት ልጆች እንዲህ ነበሩ፤ ማንም ሳያውቅ፣ እነሱም ሳያውቁ። የጥይቱን ጉዳት ሰው ይቆጥረዋል፤ በተዘጋ መንገድ ምክንያት ያልደረሰውን ጨውና ኪኒን ግን የሚመዘግብ የለም።

ለዚህ ነው የእንቅርት ታሪክ የአንገት ብቻ አይደለም የምለው፤ የመንገድ ታሪክ ነው። ውሃው ነው፣ ዘራችን ነው፣ ቁጣ ነው ሲባል የኖረው በሽታ በንግድና በደንብ ቀንሷል፣ በጦርነት ጨምሯል። 89 ከመቶ የተባለው ጨው ሁሉ በቂ አዮዲን አለው ማለት አይደለም፤ ገበያ ላይ በፀሐይ የተዘረጋ፣ ዝናብ የነካው ጨው አዮዲኑን ያጣል። ስለዚህ ልጆቼን ጨዉን በታሸገው ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ጨምሩ እላቸዋለሁ። አንገቷ ያበጠባትን፣ በቆላ የሚበርዳትን ሴት ደግሞ ዕድሜ ነው ብላ እንዳትቀመጥ፣ ደሟን እንድትመረመር እመክራለሁ። ከእኔ የሚጠበቀው ይህ ነው። ጨዉ ከአፍዴራ እስከ ሰንበቴ ገበያ አዮዲኑን እንደያዘ መድረሱን ማረጋገጥና የዕድሜ ልክ ኪኒን የሚወስድ ሰው መንገድ በተዘጋ ጊዜ የሚደርስለት መጠባበቂያ በየወረዳው ማስቀመጥ ግን ደንቡን ያወጣው መንግሥት ሥራ ነው።