መጤ ማነው? ከኮሶጌ እስከ አለምዋጭ

ከደባርቅ ወደ ሽሬ የሚሄድ መንገደኛ ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ሜዳው ያልቅበትና ሊማሊሞ ላይ ቁልቁል መጠማዘዝ ይጀምራል። ይህ ጣሊያን የቆረጠው መንገድ ነጋዴም ወታደርም ተሸክሟል። እኛን ዛሬ የሚያሳስቡን ግን በመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች፣ ቤታቸውን ጥለው የመጡት ሰዎች ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ከዛሪማና ከአዲአርቃይ በጦርነቱ የሸሹ ገበሬዎች ወደ ደባርቅና ዳባት ወጥተው በትምህርት ቤቶች ተጠለሉ። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ ደግሞ ከሊማሊሞ ማዶ ካሉት ከማይዓይኒና ከአዲሐሩሽ ካምፖች የተነሡ ኤርትራውያን ስደተኞች ዳባት አጠገብ አለምዋጭ በተባለ አዲስ ጣቢያ መስፈር ጀመሩ። ከሁሉም ቀደም ብለው፣ በ2008 ዓ.ም.፣ ከሰሜን ተራራ አናት ከግጭ መንደር የተነሡ ከ400 በላይ አባወራዎች ደባርቅ ከተማ ገብተዋል። እነዚህን ያፈናቀላቸው ጦርነት አይደለም፤ ዋልያ ነው። (ዋልያው አልጠየቀም እንጂ።)

ሦስቱም በአገሬው አፍ “መጤ” ናቸው። በሕግ ፊት ግን ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። እኛም ልናይ የፈለግነው ይህንኑ ነው፤ ሕግ መጤውን ከመድልዎ የሚጠብቀው እንዴት ነው? ከመቼስ ጀምሮ?

መቼም ታሪክ ሲነሣ “እንግዳ ተቀባይ ነን” ማለት እንወዳለን። ዳባትና ደባርቅ ባሉበት አገር ግን የመጀመሪያው የሚታወሰው ድንጋጌ መጤን የሚጠብቅ ሳይሆን ነባሩን መጤ የሚያደርግ ነበር። በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አፄ ይስሐቅ በወገራ ቤተ እስራኤልን ወግተው ኮሶጌ ላይ ድል አደረጉ። እንደ ትውፊቱ ከሆነ ከድሉ በኋላ ያልተጠመቀ ርስት እንዳይወርስ አዘዙ። ርስት የሌለው ደግሞ ፈላሲ ነው። “ፈላሻ” የሚለው ስምም የመጣው ከዚያ ነው ይባላል። ነገሩን ልብ በሉልን፤ ሰዎቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። በተቀመጡበት፣ በአንድ ትዕዛዝ፣ በአባቶቻቸው አገር ስደተኛ ሆኑ።

በጎንደር ዘመንም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1668 በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ጊዜ የተሰበሰበው ጉባኤ ፈረንጆቹ ካገር እንዲወጡ፣ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ደግሞ ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። እንግዲህ መድልዎ የሰፈር ካርታ ወጣለት ማለት ነው።

የፈላሲ ልጆች በመጨረሻ እውነተኛ ስደተኞች ሆኑ። በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ከሰሜን፣ ከወገራና ከደንቢያ ብዙ ቤተ እስራኤል በእግር ወደ ሱዳን ተጓዙ። ገዳሪፍ አካባቢ ኡም ራኩባ የሚባል ካምፕ ገቡ። እዚያም ሃይማኖታቸውን ደብቀው ነበር የሚኖሩት፤ ከሱዳን ባለሥልጣናትም ሆነ ከአገራቸው ልጅ ከሌላው ስደተኛ። በመንገድና በካምፕ የሞቱት ወደ 4 ሺ ይገመታሉ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 በተካሄደው “ዘመቻ ሙሴ” ወደ 8 ሺ ሰው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰደ። ያ ኡም ራኩባ በ2013 ዓ.ም. ኅዳር እንደገና ተከፈተ። በዚህኛው ዙር የገቡት ከትግራይ ጦርነት የሸሹ ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ሱዳን በዚያ ጊዜ ሕግ አጥታ አልነበረም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት የተፈረመው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው፤ በነገታው ዘመን መለወጫ ነበር። ስምምነቱ በዘር፣ በሃይማኖት፣ በዜግነት፣ በማኅበራዊ ቡድን ወይም በፖለቲካ አስተሳሰብ ስደተኛን ማበላለጥ ይከለክላል። ኢትዮጵያ ይህን ያጸደቀችው በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ነው። ዓለም አቀፉን የ1951 ስምምነት የተቀበለችው ግን ቀድማ፣ ኅዳር 1 ቀን 1962 ዓ.ም. ነበር።

ስትቀበል ግን እጇን በግማሽ ነው የዘረጋችው። አራት ድንጋጌዎችን “እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ አላያቸውም” ብላ በተዓቅቦ ፈረመች። ከእነዚህ አንዱ የስደተኛ ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ከዜጋ ልጅ እኩል ይታይ የሚለው ነው። ሌላው ስደተኛ ተቀጥሮ እንዳይሠራ የሚያግዱ ገደቦች ለአንዳንድ ስደተኞች ይነሡ የሚለው ነው። ለማኝ አገር የራሷን ልጅ ሳታስተምር የሰው ልጅ እኩል አስተምራለሁ ብላ መፈረም ከብዷት ይሆናል፤ አንፈርድም። ግን ስደተኛ ለአሥርት ዓመታት ካምፕ ተቀምጦ ራሽን እየጠበቀ የኖረበት አንዱ ሥር እዚህ ጋ ነው።

በዚያው ወቅት፣ ጥቅምት 1962 ዓ.ም.፣ ሌላም ወረቀት ወጥቶ ነበር። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ያቋቋመው ትዕዛዝ ነው። አንዱ ወረቀት ከውጭ ለሚመጣ ተፈናቃይ በር ሲከፍት ሌላው ከውስጥ ለሚወጣ ተፈናቃይ ድንበር አሰመረ። በደርግ ጊዜ፣ በ1971 ዓ.ም. አካባቢ፣ ከተራራው ሰሜናዊ ገደል ሥር ከሺ በላይ ሰዎች ተነሡ። ወደ እነርሱ እንመለሳለን።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በጥር 2011 ዓ.ም. ነው። ምክር ቤቱ ያጸደቀው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የ1996ቱን አዋጅ ተክቶ፣ ያኔ በተዓቅቦ የታለፈውን በሩን ከፈተው። የስደተኛ ልጅ አንደኛ ደረጃን ከዜጋ ልጅ እኩል ይማራል፤ ስደተኛው ይሠራል፣ ይንቀሳቀሳል፣ ባንክ ደብተር ያወጣል፣ ፍርድ ቤት ይቆማል። በወረቀት ደረጃ በአፍሪካ ከሚመሰገኑት አንዱ ነው። ችግሩ አዋጁ ገና ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በ2012 ዓ.ም.፣ መንግሥት ኤርትራዊ ሁሉ እንደመጣ በጅምላ ስደተኛ ተብሎ የሚመዘገብበትን አሠራር መለወጡ ነው። ከዚያ ደግሞ ጦርነቱ መጣ።

ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ወደ 96 ሺ ኤርትራውያን ስደተኞች ነበሩ። ሽመልባና ሕጻጽ ካምፖች ወደሙ። ማይዓይኒና አዲሐሩሽ ደግሞ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የውጊያ መሐል ገቡ፤ ለሳምንታት እርዳታ ሰጪ አልደረሰባቸውም። አለምዋጭ የተመሠረተው እነዚህን ለማውጣት ነው። ሐሳቡም መልካም ነበር፤ ለብቻ የታጠረ ካምፕ ሳይሆን፣ ጤና ጣቢያውም ትምህርቱም የዳባት ሰው ከስደተኛው ጋር የሚጠቀምበት ሰፈር እንዲሆን።

ግን ጊዜውን አስቡት። ከአሥር ወር በፊት፣ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ፣ በዚያው በዳባት ወረዳ ጭና ላይ የትግራይ ኃይሎች ብዙ ሰላማዊ ሰዎችን ገድለዋል፤ ሂዩማን ራይትስ ዎችም መዝግቦታል። የገበሬው መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ትግርኛ ተናጋሪ እንግዳ ጎረቤት ሆነ። እንግዳው ራሱ ከሁለት ወገን ጦር ያመለጠ ነው፤ ገበያ ላይ ግን ሰው የሚሰማው ቋንቋውን እንጂ ታሪኩን አይደለም።

እዚህ ላይ የሕጉን ዝርዝር ስናነብ አንድ ነገር አገኘን። የ1951 ስምምነት የመድልዎ አንቀጽ ዘርን፣ ሃይማኖትንና የመጡበትን አገር ይጠቅሳል። የአፍሪካውም የራሱ ዝርዝር አለው። ቋንቋ ግን በሁለቱም ውስጥ በስም የለም። በዳባት ገበያ ሰውን የሚያስለየው ግን እሱ ነው። ቋንቋን በስም የሚጠራው የራሳችን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25 ነው፤ ያውም “ዜጎች” ብሎ ሳይሆን “ሁሉም ሰዎች” ብሎ ይጀምራል። ስለዚህ አለምዋጭ ያለ ስደተኛ በቋንቋው የተነሣ ከጤና ጣቢያ ቢመለስ፣ ቅርቡ መከታው የጄኔቫው ወረቀት ሳይሆን እኛ በየቀኑ የምንጨቃጨቅበት ሕገ መንግሥት ነው። በሕግ ደረጃ ይህ ትልቅ ነገር ነው ብለን እናምናለን። መከታ የሚሆነው ግን የሚሰማ ዳኛና የሚያስፈጽም ፖሊስ ሲኖር ነው፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ሲነሣ ደግሞ ስደተኞቹ ለዘረፋ፣ ለእገታና ለግድያ ተጋለጡ። አጠገባቸው ያለው ገበሬም ያው ታጋች ነው። በዚህ በኩል እንኳ መድልዎ የለም ማለት ይቻላል።

አገር ውስጥ ለተፈናቀለው የወጣው ሕግ በጣም ወጣት ነው። የካምፓላ ስምምነት በጥቅምት 2002 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1187 ነው። አንቀጽ 9 ሰው በመፈናቀሉ ብቻ ከማንኛውም መብት እንዳይጎድልበት ይከለክላል። “በመፈናቀሉ ብቻ” የምትለው ቃል ቀላል አትምሰላችሁ። የአዲአርቃይ ሰው ደባርቅ ላይ ሃይማኖቱም ቋንቋውም ከአገሬው ጋር አንድ ነው፤ የሚለየው የቀበሌ መታወቂያው የሌላ ቀበሌ መሆኑ ነው። ወይም ቤቱ ሲቃጠል አብሮ መቃጠሉ። ስምምነቱ በአንቀጽ 13 መንግሥት ተፈናቃዩን እንዲመዘግብና የጠፋበትን ሰነድ እንዲተካለት የሚያስገድደው ለዚህ ነው። ወረቀት ያጣ ሰው ሌላው መብቱ ሁሉ ደጅ ላይ ይቀራል።

ወደ ግጭ እንመለስ። ፓርኩ በዓለም ቅርስነት እ.ኤ.አ. በ1978 ተመዘገበ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገባ፣ በ2017 ወጣ። ለመውጣቱ ከተቆጠሩት ምክንያቶች አንዱ የግጭ መንደር መነሣቱ ነው። የግጭ ሰው ከ3 ሺ 500 ሜትር በላይ ገብስ የሚዘራና ከብት የሚያረባ፣ አብዛኛው እስላም ነው። ያን ብርድ ለምን መረጠው ብሎ የጠየቀ የአፄዎቹን ድንጋጌ ያስታውስ፤ ርስት የከለከሉት ሰው የሚያርሰው ሌላው የተወውን ነው።

ካምፓላ ስለ ልማት ተነሺ አንቀጽ 10 አለው፤ ግጭ ግን የተነሣው ስምምነቱ ከመጽደቁ አራት ዓመት ቀድሞ ነው። የቀረላቸው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ነው፤ በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀለ ተመጣጣኝ ካሳ ወይም በቂ እርዳታ ያለው መልሶ ማስፈር ይገባዋል ይላል። ካሳው በብር ተከፈለ፣ ደባርቅ ላይም የቤት መሥሪያ ቦታ ተሰጠ። ገበሬ የነበረ ሰው ግን ከተማ ውስጥ ቤት እንጂ የሚያርሰው የለውም። ስደተኛ ቢሆን የሚመዘግበው ኮሚሽን አለ፤ የጦርነት ተፈናቃይ ቢሆን የእህል ካርድ ይጠብቃል። የግጭ ሰው ግን ካሳውን በተቀበለበት ቀን ከተፈናቃይ መዝገብ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ስሙ የደባርቅ ነዋሪ ነው።