እርሾ፣ አይብና ስልጆ፦ የመንዝ መሶብ ወግ

ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ጣርማ በር ሲደርስ፣ ጣሊያን ወደ ፈለፈለው ዋሻ ሳይገባ ወደ ግራ ይታጠፋል። መንገዱ በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ያወጣዋል። ይህ መንዝ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 3000 ሜትር ያለፈ አገር። እዚያ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ሽሮው ምድጃ ላይ ይቆያል፣ ባቄላው ቶሎ አይበስልም፣ ሊጡም አይቸኩልም። ውርጭ ያደረበት ቤት ውስጥ ሊጥ ለማቡካት ትዕግሥት ያስፈልጋል። የዛሬው ወጌ ይህ ትዕግሥት ስለሚያመጣው ጣዕም ነው።

የመንዝ እናት ቡሃቃዋን አሟጥጣ አታጥብም። ከግድግዳው ላይ የቀረችው ጥቂት ሊጥ የሚቀጥለው ቡኮ እርሾ ናት። እርሾ ያለቀባት ሴት ከጎረቤት ትዋሳለች፤ እርሾ የሚከለክል ጎረቤት ደግሞ የለም። የገብስ ዱቄት በውኃ ይለወሳል፣ እርሾው ይጣልበታል፣ ይከደናል፣ ምድጃ ዳር ይቀመጣል። ቆላ ላይ በሁለት ቀን የሚደርሰው ቡኮ እዚህ ሦስት አራት ቀን ሊፈጅ ይችላል። ገብስ ብቻውን ዳቦ ሲሆን ደረቅ ይላል፣ እንደ ስንዴም አይነፋም፤ ስለዚህ አቅም ያላት ስንዴ ትቀላቅልበታለች። ድፎው ምጣድ ላይ ይጣላል፣ ከላይ ይከደናል፣ ከታችም ከላይም የኩበት እሳት ይደረግለታል። ቅርፊቱ ሲጠቁርና ሲሰነጠቅ ቤቱን የሚሞላው ሽታ፣ ሰው መንዝን ለቆ ሃምሳ ዓመት ቢኖር የማይረሳው ነው።

በዚያች ቡሃቃ ውስጥ የሚሠሩት ከአየርና ከዱቄቱ የመጡ የእርሾ ፈንገሶችና ሊጡን የሚያኮመጥጡ ላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ናቸው። አሜሪካኖች የሳን ፍራንሲስኮ ኮምጣጣ ዳቦ ብለው የሚኮሩበትም በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው፤ ቡዲን የተባለው ዳቦ ቤት በ1849 እ.ኤ.አ. በወርቅ ፍለጋው ዘመን ተከፍቶ እስካሁን በአሮጌ እርሾ ይጋግራል። የሊጡ መቆየት ለገላም ይበጃል፤ በእህል ውስጥ ያለውንና ብረትና ዚንክ እንዳይዋሐደን የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ይቀንሰዋል። እናቶቻችን ይህን በቤተ ሙከራ አልመረመሩትም፤ ሆኖም ያልቦካ ሊጥ ሆድ እንደሚነፋ ጠንቅቀው ያውቃሉ።

አሁን ወደ አይቡ ልውሰዳችሁ። ደጋ ላይ ላሟ የምትሰጠው ወተት ጥቂት ነው። ስለዚህ የጥቂት ቀን ወተት በወይራ ጭስ በታጠነ ዕቃ ይጠራቀማል፣ ይረጋል፣ ከዚያ ይናጣል። ቅቤው ለወጥና ለገበያ ይወጣል፤ የቀረው አሬራ በለሰለሰ እሳት ሲሞቅ አይቡ ተንሳፎ አጓቱ ከሥር ይቀራል። የመናጡ ሥራ የሴቶችን ጉልበት እንዴት እንደሚጨርስ ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢልካ የተባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ደብረ ብርሃን ጣቢያው ላይ፣ በሸክላው መናጫ ውስጥ የሚገባ የእንጨት ማማሰያ ሠርቶ የመናጫውን ጊዜ በግማሽ ገደማ ማሳጠር እንደሚቻል አሳይቷል። ያ ማማሰያ በየቤቱ አለመግባቱ ያሳዝነኛል፤ ለእናቶች ወገብ ከብዙ ነገር በላይ ይጠቅም ነበር።

ጥያቄዬ ይኸው፦ መንዝ ብርድ አለው፣ በግ አለው፣ እርሾ አለው፤ ታዲያ አይቡ ለምን ለጋ ሆኖ ብቻ ይበላል?

በሩቅ አገር፣ በደቡብ ፈረንሳይ፣ ሮክፎር የሚባል መንደር አለ። ሰማያዊ ሻጋታ በሰውነቱ የሚሮጥበት የታወቀው ቺዝ የዚያ መንደር ነው። ወተቱ የበግ ነው። ቺዙ የሚበስለው ኮምባሉ በተባለ ተራራ ሥር ባሉ ቀዝቃዛ ዋሻዎች ሲሆን፣ ንጉሥ ሻርል 6ኛ በ1411 እ.ኤ.አ. ይህን የማብሰል መብት ለመንደሩ ሰዎች ብቻ ሰጥቷቸዋል። ደስ የሚለኝ ነገር አለ፤ ሻጋታውን በጥንቱ ልማድ የሚያበቅሉት ዋሻው ውስጥ በተተወ፣ ራይ ከሚባል እህል በተጋገረ ዳቦ ላይ ነው። ዳቦው ሻጋታውን ይወልዳል፣ ሻጋታው ቺዙን ያበስላል። ዛሬ በብዙ አገር ያንን ቺዝ በኮምጣጣ ዳቦ ላይ ፈርፍረው፣ ፔካን የሚባለውን ቅባታማ ፍሬ ጣል አድርገው ይበሉታል።

የመንዝ በግ ግን አይታለብም። ትንሽ፣ ላቱ የሰባ፣ ጠጉሩ የሚፈተል በግ ነው፤ ሥጋውን ይሰጣል፣ ጠጉሩም ባናና በርኖስ ይሆናል። እሱን አልቡ አልልም፤ ግልገሉ ምን ይጠባል? ይልቅ ወደ ምዕራብ ተመልከቱ። መርሐቤቴን አልፋችሁ፣ ጀማ ወንጪትን ይዞ የሚወርድበትን ዓባይን ስትሻገሩ ጎጃም ነው። የጎጃምና የደቡብ ጎንደር ሴቶች መጣጣ አይብ ያውቃሉ። አይቡ አጓቱ በሚገባ ይጠፈፍለታል፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብል፣ በጥቁር አዝሙድ፣ በኮሰረት፣ በጤና አዳም ይታሻል፤ በታጠነ ዕቃ ታሽጎ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀመጣል። ሲከፈት ይሸታል፣ ምላስ ይቆነጥጣል፣ ትንሹ ብዙ እንጀራ ያስበላል። በአገራችን ለዚያ ለሮክፎር ጣዕም ይህን ያህል የቀረበ ምግብ አላውቅም፤ የኛ ግን ሻጋታ ሳይዘራበት ነው የሚበስለው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የሮክፎር ሻጋታ ሰዎች መርጠው የሚያራቡት አንድ ዓይነት ፈንገስ ነው። ቤታችሁ በተረሳ አይብ ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ እሱ አይደለም፤ መርዝ ሊኖረው ስለሚችል ጣሉት።

«ታዲያ ሁዳዴ ሲመጣስ?» ትሉኝ ይሆናል። ጾሙን የሚጠብቅ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ወተትም ቅቤም አይቀምስም፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው። አይቡ በእነዚህ ቀናት ከመሶብ ይወርዳል። ጣዕሙ ግን አይወርድም፤ ስልጆ ይተካዋል። ሱፍ ታምሶ ተወቅጦ ወተት የመሰለው ውኃው ይጨመቃል፣ የባቄላ ዱቄት ይበጠበጥበታል፣ እሳት ላይ እየተማሰለ ይወፍራል። ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጤና አዳም ይገቡበትና ተከድኖ ለቀናት ይቆያል። ያኮመጥጣል፣ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ባቄላው የደጋው ነው፤ ሱፉ ከወደ ቆላው ገበያ ይመጣል። እኔ ስልጆን ከአገራችን የጾም ምግቦች ሁሉ አስቀድመዋለሁ፤ የእንስሳ ጠብታ ሳይነካው የበሰለ አይብ የሚሰጠውን ስሜት የሚሰጥ እሱ ነው።

የሚቆረጠመውስ? ሰሜን ሸዋ ሰነፍ ቆሎ የሚባል ገብስ ይዘራል። ገለባው በቀላሉ የሚለቅ ነውና ብዙ ሳይወቀጥ ይታመሳል። እሱ ከሱፍ ጋር፣ ሲገኝም ከለውዝ ጋር ተደባልቆ እፍኝ ሲሞላ ፔካን አያስመኝም። መንገደኛው ደግሞ በሶውን በውኃ ጨብጦ ይሄዳል። አሁን ደብረ ብርሃን ላይ ዳሸንና ሐበሻ ቢራ ፋብሪካዎች የብቅል ገብስ ይፈልጋሉ፤ ገበሬው ገበያ በማግኘቱ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የቆሎው ገብስ የሚዘራበት ጥማድ መሬት አብሮ መቅረት የለበትም። በከተማውም የፋብሪካ እርሾ በአንድ ሰዓት የሚነፋው ነጭ ዳቦ ድፎውን ለበዓል ብቻ እያስቀረው ነው።

እንግዲህ ስሙኝ። የሚቀጥለው የፍስክ እሑድ ከመድረሱ አራት ቀን አስቀድማችሁ ገብስና ስንዴ እኩል ቀላቅሉ፤ የጎረቤት እርሾ ለምኑና አቡኩ። ድፎው ሲወጣ ሳይበርድ ቆርሳችሁ፣ የተጠፈፈና በኮሰረትና በነጭ ሽንኩርት የታሸ አይብ አድርጉበት። ላዩ ላይ የታመሰ ሱፍ ወይም የተፈጨ ለውዝ ነስንሱ። ጎጃም ዘመድ ያላችሁ መጣጣ አይብ አስልኩ፤ በጾም ከሆነ በአይቡ ፈንታ ስልጆ ቀቡ። ደብረ ብርሃንና መሐል ሜዳ ሆቴል ያላችሁ ደግሞ አደራ፣ ለእንግዳው ከውጭ የመጣ ማርማላታ ከማቅረባችሁ በፊት ይህንን አቅርቡለት።