የቨርጂኒያ 8ኛው የኮንግረስ ምርጫ ክልል፦ ወሰንና የምርጫ ታሪክ

የቨርጂኒያ 8ኛው የኮንግረስ ምርጫ ክልል ከዋሽንግተን ዲሲ በፖቶማክ ወንዝ ማዶ የሚገኝ ሲሆን፣ በርካታ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይኖሩበታል።

ወሰን
የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ባጸደቀው ካርታ መሠረት ክልሉ አርሊንግተን ካውንቲን፣ የአሌክሳንድሪያንና የፎልስ ቸርች ከተሞችን እንዲሁም የፌርፋክስ ካውንቲን ከፊል ያጠቃልላል። አርሊንግተን የተካተተው ከ1990 የሕዝብ ቆጠራ በኋላ በተደረገው የወሰን ለውጥ ነው።

የምርጫ ታሪክ
መቀመጫው ለሁለት አሥርት ዓመታት ከፓርቲ ወደ ፓርቲ ተላልፏል። በ1972 የሪፐብሊካኑ ስታንፎርድ ፓሪስ፣ በ1974 የዲሞክራቱ ኸርበርት ሃሪስ አሸነፉ፤ በ1980 ፓሪስ መልሰው ያዙት። በ1990 ዲሞክራቱ ጂም ሞራን ካሸነፏቸው ወዲህ መቀመጫው ከዲሞክራቶች እጅ አልወጣም። በ2014 የተመረጡት ዶን ቤየር ሞራንን ተክተዋል።

ለነዋሪዎች ጠቃሚ መረጃ
• የፖስታ አድራሻ ብቻውን የምርጫ ክልልን አያመለክትም። «አሌክሳንድሪያ» ወይም «ፎልስ ቸርች» የሚል አድራሻ ያላቸው በርካታ ቤቶች ከከተሞቹ ወሰን ውጭ፣ በፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ ሙሉ አድራሻን በግዛቲቱ የምርጫ መሥሪያ ቤት ማጣራት ይገባል።
• መምረጥ የሚችሉት 18 ዓመት የሞላቸውና የተመዘገቡ የአሜሪካ ዜጎች ናቸው። ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው ድምፅ ቢሰጥ በሕግ ሊጠየቅና ከአገር ሊባረር ይችላል።
• ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎችም ጉዳያቸው በፌዴራል መሥሪያ ቤት ሲዘገይ የተወካዩን ጽሕፈት ቤት እገዛ መጠየቅ ይችላሉ። ለዚህም የተፈረመ የስምምነት ቅጽ ያስፈልጋል። ጽሕፈት ቤቱ ጉዳዩን ይከታተላል እንጂ ውሳኔ አይሰጥም።