ጨው ድንጋይ ሲሆን

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። ከአፋር በረሃ በግመል የመጣ አሞሌ እንደ ገንዘብ ሲገበያይበት የኖረ ሕዝብ ስለ ጨው ቢተርት አይገርምም። እኔ ግን ዛሬ የማወጋችሁ ጨው በጣዕሙ ሳይሆን በድንጋይነቱ ስለ ተከበረበት ታሪክ ነው። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1800 የሥነ ፈለክ ሊቁ ዊልያም ኸርሸል እንግሊዝ አገር ሆኖ የፀሐይን ብርሃን በመስታወት ፕሪዝም ከፋፈለና በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አኖረ። ከቀዩ አልፎ፣ ዓይን ምንም በማያይበት ቦታ፣ ሙቀቱ ብሶ ተገኘ። ዛሬ ኢንፍራሬድ የምንለው ጨረር ይኸው ነው። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ለዓይናችን ኩልል ያለው መስታወት ለአብዛኛው የዚህ ጨረር ክፍል ግድግዳ ነው።

መላውን ያገኘው ከአገሩ ተሰዶ ፓሪስ የገባው ጣሊያናዊ ማቼዶኒዮ ሜሎኒ ነበር። ከማዕድን የሚወጣ ጥርት ያለ ጨው ይህን ሙቀት እንደሚያሳልፍ አሳየ፤ የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲም በ1834 የረምፎርድን ሜዳሊያ ሸለመው። በ1905 ደግሞ አሜሪካዊው ዊልያም ኮብሌንዝ ከመቶ በላይ ውህዶች ይህን ጨረር እንዴት እንደሚውጡ መዝግቦ አሳተመ። እያንዳንዱ ውህድ እንደ ሰው ጣት የራሱ አሻራ አለው ማለት ነው።

ዳሩ ግን ተፈጥሮ እንከን የሌለው ትልቅ ጨው እንደ ልብ አትሰጥም። ስለዚህ ማሳደግ ግድ ሆነ። በ1926 ኪሮፑሎስ ጀርመን፣ ጎቲንገን ላይ አንዱን ዘዴ ይፋ አደረገ። ጨዉን 801 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቆ ማቅለጥ፣ ከላይ የሚቀዘቅዝ ትንሽ የክሪስታል ዘር ማስነካት፣ ከዚያ መጠበቅ። ፈሳሹ ዘሩን ተከትሎ፣ ሥርዓቱን ሳያዛባ፣ አንድ ወጥ ክሪስታል ሆኖ ይረጋል። ሲቀዘቅዝም በዝግታ ነው፤ ከቸኮሉበት በውስጡ የታመቀው ውጥረት ይሰነጥቀዋል።

ማለስለሱ ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ጨው ሲነኩት ቀጥ ብሎ ይፈለጣል፤ ውሃ ካገኘው ይሟሟል። ስለዚህ ባለሙያው በደረቅ ክፍል ውስጥ፣ ጓንት አጥልቆ፣ በደቃቅ ዱቄትና በአልኮል ያሸዋል። የላብ ጠብታ ቀርቶ የአፍ እስትንፋስ እንኳ የሰዓታት ድካሙን ያደበዝዝበታል።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? በ1942 ጃፓን የደቡብ ምሥራቅ እስያን የጎማ ዛፍ እርሻዎች ስትይዝ አሜሪካ ሰው ሠራሽ ጎማ ለማምረት ተጣደፈች። የጥሬ ዕቃውን ጥራት ለመመርመር ቤክማን የተባለው ኩባንያ የኢንፍራሬድ መሣሪያ ሠራ። በመሣሪያው ሆድ ውስጥ ብርሃኑን የሚከፋፍለው ያ የጨው ፕሪዝም ነበር። ጦርነቱ ቢያጣድፍም ጨዉ አይጣደፍም።

ዛሬ እርጥበት የማይፈሩት ጀርማኒየምና ዚንክ ሴሌናይድ ብዙውን የጨው ሥራ ወስደዋል። እንደ እኔ እንደ እኔ ግን የዚህ ታሪክ ቁም ነገር ወዲህ ነው። ሜዳሊያውን ሊቁ ወሰደ፤ ይገባዋልም። ምድጃ ሥር ቁጭ ብሎ የጠበቀውንና ትንፋሹን ውጦ ያሸውን ሰው ግን ማንም በስሙ አይጠራውም። ሊቁ ያየው በዚያ ሰው እጅ በተሠራ መስኮት ነው።